የደም ምርመራ ዋጋ ደም ከመቀዳቱ በፊት ይነገር



ዛሬ ነታኒያ ላይ ተሰብስበን የምንነጋገርበት ጉዳይ የኩፓት ሖሊም ካርድ በኪሱ ለያዘ ሰው ሩቅ ሊመስለው ይችላል። ከጃንዋሪ 1995 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የጤና መድን ሕግ መሠረት ማንኛውም የእስራኤል ነዋሪ ከክላሊት፣ ከማካቢ፣ ከመኡሔዴት ወይም ከሌኡሚት በአንዱ ይመዘገባል። ሐኪሙ ሃፍናያ ይጽፋል፣ ነርሷ ደም ትቀዳለች፣ ለተለመደው ምርመራ ገንዘብ አይጠየቅም። ለቢቱዋሕ ሌኡሚ ዕዳ ያለበት ነዋሪ እንኳ ሕክምና አይከለከልም። ይህን ሳያውቁ ዕዳ አለብን ብለው ቤት የሚቀመጡ ሽማግሌዎች ስላሉ እባካችሁ ንገሩልን።

ታዲያ መድን የሌለው ማነው? እስራኤላዊ አግብታ ከጎንደር ወይም ከአዲስ አበባ የመጣች ሙሽራ ሚስራድ ሃፕኒም ጉዳይዋን ደረጃ በደረጃ እስኪያይላት በቤ-1 ቪዛ ትቆያለች፤ ኤ-5 እስክታገኝ ድረስ ኩፓው አያውቃትም። ልጆቹን ሊጠይቅ በቱሪስት ቪዛ የመጣ አባትም እንዲሁ ነው። ጥገኝነት የጠየቁ የኤርትራና የሱዳን ሰዎችም አሉ።

እነዚህ ሰዎች ሲታመሙ ወይ ወደ ግል ላቦራቶሪ፣ ወይ ወደ ሚዩን ነው የሚሄዱት። በ1996 የወጣው የሕመምተኛ መብት ሕግ ሕይወቱ አደጋ ላይ የወደቀ ሰው ያለ ቅድመ ሁኔታ አስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ ያዛል። በነጻ ግን አላለም፤ ሂሳቡ በኋላ በፖስታ ይመጣል።

የስኳር በሽታን እንውሰድ። ከአገራችን ስንመጣ እምብዛም አናውቀውም ነበር፤ እዚህ ግን ብዙ ቤት ገብቷል። ያለፉትን ሦስት ወራት የስኳር መጠን የሚያሳይ አንድ የደም ምርመራ አለ። ዋጋውን የፈራ ሰው ይህን ይተወዋል፤ ዓይኑ ሲደክም ወይም እግሩ ሲቆስል ሚዩን ይገባል። ያኔ ቤተሰቡ ሊከፍለው የማይችለው ዕዳ ይመጣል፣ ሆስፒታሉም ያልተከፈለ ሂሳብ ታቅፎ ይቀራል። በዚህ ማን ተጠቀመ?

የጤና ሚኒስቴር እያንዳንዱ አገልግሎት ቁጥርና ዋጋ የተሰጠው ሜሒሮን ያወጣል። መድን የሌለው ሕመምተኛ ለደምና ለሽንት ምርመራ በዚያ ከተጻፈው በላይ እንዳይጠየቅ እንፈልጋለን። ዋጋውም ደሙ ከመቀዳቱ በፊት በሚገባው ቋንቋ በጽሑፍ ይነገረው፤ በአንድ ጊዜ መክፈል ካልቻለ በየወሩ ይክፈል። በ1996 የለገስነው ደም ሳይነገረን ሲጣል እንደነበር በጋዜጣ ካነበብን ወዲህ መርፌ ባየን ቁጥር የምንጠራጠር ብዙዎች ነን። በዚህ ላይ ያልተነገረ ሂሳብ ሲጨመር ሰው ጨርሶ ከሐኪም ይሸሻል።

አንዳንዶች «ይህ ከተፈቀደ ሰው ሁሉ ለመታከም ይመጣል» ይሉናል። እኛ የጠየቅነው ስለ ቀዶ ሕክምና አይደለም። ጢፓት ሐላብ የወላጁን ቪዛ ሳይጠይቅ ሕፃናትን ይከትባል፤ ከ2001 ጀምሮም ሕጋዊ ፈቃድ የሌላቸው ወላጆች ልጆቻቸውን በየወሩ እየከፈሉ በኩፓ ማስመዝገብ ችለዋል። መንግሥት ሲፈልግ መንገዱን ያውቀዋል።

የላቦራቶሪ ሂሳብ የደረሳችሁ ሁሉ ወረቀቱን አትጣሉ፣ ያልገባችሁንም አትፈርሙ። የእያንዳንዱ ምርመራ ዋጋ ለየብቻ የተጻፈበትን ዝርዝር ጠይቁና ቅጂውን አምጡልን፤ ከሜሒሮኑ ጋር መስመር በመስመር እናስተያየዋለን።