አዲስ ካይት በውሃ ላይ ስለሚፈተንበት ሥርዓት



ሊቃውንቶቻችን የሰው ሥጋ ከአራቱ ባሕርያት፣ ማለት ከመሬት፣ ከውሃ፣ ከእሳትና ከነፋስ መፈጠሩን ሲያስተምሩ ኖረዋል፤ ከአራቱም ለዓይን የማይገዛው፣ ስለዚህም በሥራው እንጂ በመልኩ የማይታወቀው ነፋስ ነው። የሰሜን ሸዋ ገበሬ ግን ገብሱን አበራይቶ ከጨረሰ በኋላ፣ መንሹን ከማንሣቱ በፊት እፍኝ ገለባ ወደ ላይ በትኖ፣ ገለባው የሚያርፍበትን ስፍራና ከምርቱ የሚርቅበትን ልክ አይቶ፣ የዕለቱ ነፋስ ለማዝራት የበቃ መሆን አለመሆኑን ይፈርዳል። ዛሬ የምናገርለት ጉዳይ ስሙ ለብዙዎቻችን እንግዳ ቢሆንም ከዚህ ፍርድ የራቀ አይደለም።

ካይት ማለት ከቀጭንና ከጠንካራ ጨርቅ የተሰፋ፣ የፊት ጠርዙ በአየር በሚነፋ ቱቦ የተወጠረ፣ ሃያ ሜትር ገደማ በሚረዝሙ ገመዶች ከሰው ጋራ የተያያዘ ክንፍ ነው። አራት ገመዶች ባሉት ካይት ሁለቱ የፊት ገመዶች ኃይሉን ወደ ወገብ መታጠቂያው ያወርዳሉ፤ ሁለቱ የኋላ ገመዶች በእጅ ከሚያዘው ዘንግ ጫፎች ላይ ታስረው ክንፉን ወደ ቀኝና ወደ ግራ ይመልሱታል፤ ሰውየውም እግሮቹን በሳንቃ ላይ አጽንቶ በውሃው ገጽ ላይ ይነጉዳል። በአየር የሚነፋውን ዓይነት ፈረንሳውያኑ ወንድማማቾች ብሩኖና ዶሚኒክ ለጌኙ እ.ኤ.አ. በ1984 በፈጠራ መብት አስመዘገቡት፤ ከዚያ ወዲህ ስፖርቱ ዓለምን አዳርሶ፣ በ2024ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ ጊዜ በማርሴይ ባሕር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ከውድድሮቹ አንዱ ሆነ።

እኔ የምከራከርለት ነገር አንድ ነው፤ በባሕር ጠረፍ የተፈተነ ካይት ከፍታ ላይ ላሉት ሐይቆቻችን እንደ ተፈተነ ሊቆጠር አይገባም፤ በራሳችን አየርና በራሳችን ውሃ እንደ ገና መፈተን አለበት።

ፈተናው የሚጀምረው ገና ከዳር ነው። ፈታኙ የፊቱን ቱቦ በፓምፕ ሲነፋ በመለኪያው የሚታየውን ግፊት መዝግቦ፣ ቱቦው በጣት ሲመታ እንደ ተወጠረ ከበሮ እስኪጮህ ድረስ ይታገሣል፤ በቅጡ ያልተነፋ ቱቦ በብርቱ ነፋስ ከመካከሉ ስለሚታጠፍ፣ የነፊው ስንፍና የካይቱ ጉድለት ሆኖ ይጻፋልና። ቀጥሎም ገመዶቹን ባንድ ችንካር ላይ አስሮ፣ በአንድነት ስቦ፣ እኩል መሆናቸውን ያረጋግጣል። ከውሃው ከገባ በኋላ የሚመረመረው ብዙ ነው፤ ካይቱ በምን ያህል ደካማ ነፋስ ሰውን አንሥቶ በሳንቃው ላይ እንደሚያቆም፣ ነፋሱ ሲበረታ ዘንጉን ወደ ፊት በመልቀቅ ብቻ ጉልበቱ ይበርድ እንደ ሆነ፣ ወደ ነፋሱ መምጫ እየተጠጋ ወደ ተነሣበት ዳር መመለስ ይችል እንደ ሆነ ይታያል። ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው ግን፣ ፊቱ በውሃ ላይ የተደፋ ካይት በገመዶቹ ብቻ ተመልሶ መነሣቱን ነው፤ ከዳር የራቀ ሰው ነፍሱ በዚህ ላይ ተንጠልጥላለችና፣ ፈታኙ ካይቱን ሆነ ብሎ በደካማም በብርቱም ነፋስ ደጋግሞ ሊጥለውና ሊያነሣው ይገባል።

ደግሞም አዲሱ ካይት ብቻውን አይፈተንም። ጠባዩ አስቀድሞ የታወቀ፣ ስፋቱም እኩል የሆነ ሌላ ካይት በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ሳንቃ፣ በዚያው ሰው እየተፈራረቀ ካልተሞከረ፣ የነፋሱ ጸጋ ለካይቱ ምስጋና ሆኖ ይቆጠራል። የነፋስ ግፊት ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ ሰው በፊቱ ላይ እምብዛም የማይለየው የፍጥነት ለውጥ በገመዱ ላይ ትልቅ ልዩነት ያመጣልና፣ የነፋስ መለኪያ በዳር ሳይቆም የተሰጠ ምስክርነት አይጸናም።

ከፍጥነቱ ሌላ የአየሩ ክብደት አለ፤ የእኛም ነገር የሚለየው በዚህ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለምትገኝ፣ አየሯ ከጠረፍ አየር ሦስት ሩቡን እምብዛም አያልፍም። ብዙ ሰው ለውሃ መዝናኛ የሚወርድበት የላንጋኖ ሐይቅ በ1,600 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን፣ በሞቃት ቀን የአየሩ ክብደት ከአምስት እጅ አራት እጅ ያህል ነው። እንግዲህ በጠረፍ 10 ካሬ ሜትር የበቃው ሰው በዚያ ሐይቅ በዚያው ነፋስ ከ12 ካሬ ሜትር ያላነሰ ይፈልጋል። ሆኖም ሰፊ ካይት ከትንሹ ይልቅ ቀስ ብሎ ይዞራል፤ የራሱም ክብደት ይጨምራል፤ አየሩ ሲቀል ደግሞ የውሃው ክብደት እምብዛም አይቀንስምና፣ ሳንቃው የሚገፋው ውሃ በጠረፍ እንደ ነበረው ያህል ይኖራል። ስለዚህ የሠሪውን ሰንጠረዥ በማባዛት ብቻ አስተካክዬ እጠቀምበታለሁ የሚል ሰው የካይቱን መጠን ያገኛል እንጂ ጠባዩን አያገኝም።

ከተጻፈ ሰንጠረዥ ይልቅ የራስን ልኬት ለማመን ምሳሌ አለን፤ ራይት የተባሉት አሜሪካውያን ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1900 ኪቲ ሆክ በተባለው አሸዋማ ጠረፍ ተንሸራታች አውሮፕላናቸውን አስቀድመው እንደ ካይት በገመድ አብርረው ገመዱ የሚሳብበትን ኃይል በሚዛን መዘኑ፤ በማግሥቱ ዓመትም ክንፋቸው በመጻሕፍት የተነገረውን ያህል አላነሣ ስላላቸው፣ ከእንግሊዛዊው መሐንዲስ ከስሚተን ዘመን ጀምሮ ከመቶ ዓመት በላይ ሲሠራበት የኖረው 0.005 የተባለው የግፊት ቁጥር ወደ 0.0033 ዝቅ ማለት እንደሚገባው ከራሳቸው ልኬት አገኙ። የታላላቆችን ጽሑፍ አክብረው ሳለ ሚዛናቸውን ከጽሑፉ በላይ ማመናቸው እጅግ ያስደንቀኛል።

ካይቱ የሚሞከርበት ስፍራም መመረጥ አለበት፤ አንኮበር ላይ ቆሞ ወደ አልዩ አምባና ወደ አዋሽ ቆላ የተመለከተ ሰው፣ በቀትር የሞቀው አየር ገደሉን ታክኮ ሲወጣ፣ ጥንብ አንሳውና ንስሩ ክንፋቸውን ሳያራግቡ በዚያ ላይ ተንሳፍፈው ሲዞሩ ያያል። ይህን ያየ ወጣት ካይቱን ከአፋፉ ላይ ለመሞከር ቢመኝ አይፈረድበትም፤ እኔ ግን አጥብቄ እከለክለዋለሁ። ገደሉን የሚወጣው ነፋስ በአፋፉ ላይ ተጨምቆ ፍጥነቱን ይጨምራል፤ አፋፉን እንዳለፈ ደግሞ ተጠቅልሎ ወደ ታች ይወርዳል፤ በሐይቅ ላይ የሚወድቅ ሰው ውሃ ሲቀበለው፣ በዚያ የሚወድቀውን የሚቀበለው ዓለት ነው። የወፎቹን ጥበብ ከሩቅ መማር ይበቃል።

ስለዚህ የምመኘው ሥራ በሁለት ስፍራ የሚከፈል ነው። በሰሜን ሸዋ ለዚህ የሚበቃ ሰፊ ሐይቅ ስለሌለ፣ የውሃው ፈተና በላንጋኖ ይደረግ፤ የገመዱ ስበት ልኬት ግን የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በመምህራን እየተመሩ እዚሁ በሜዳችን ሊጀምሩት ይችላሉ። ትንሽ የመለማመጃ ካይት፣ በመሬት ውስጥ በጸና ችንካር ላይ የታሰረ የገመድ ሚዛንና የነፋስ መለኪያ ከተገኙ፣ የአየሩ ሙቀትና ግፊትም አብሮ ከተጻፈ፣ በጠረፍ ከተለካው ጋራ የሚነጻጸር መዝገብ ይወጣል። ለዚህም አዝመራው የተሰበሰበበት የበጋ ወራት ይስማማል፤ የሜዳው ባለቤት አስቀድሞ ይጠየቅ፤ ካይቱም ከኤሌክትሪክ መስመርና ከመንገድ ርቆ ይነሣ። ድንገተኛ መፍቻው፣ ማለት በክፉ ጊዜ ካይቱን ከወገብ የሚለየው መሣሪያ፣ በየዕለቱ ከመጀመሪያው ልኬት በፊት ገመዱ ተወጥሮ ሳለ ተሞክሮ፣ የሞከረው ሰው ስም በመዝገቡ ራስጌ ይጻፍ፤ መፍቻው እንቢ ባለበት ቀን ነፋሱ የቱን ያህል ቢያምር ካይቱ ከመሬት አይነሣ።