ስለ ዶክትሬት ትምህርት አካሄድ
(በትምህርት ቤታችን በዓል ዕለት የተደረገ ንግግር)



በአገራችን ዶክተር ሲባል መርፌ የሚወጋው ሐኪም ብቻ ይመስለናል። ቃሉ ግን ከላቲን የመጣ ሲሆን ጥንተ ትርጉሙ አስተማሪ ማለት ነው። መምህራኖቻችን ደስ ይበላቸው! እኔም ዛሬ የምናገረው ስለዚህኛው ዶክተር ነው።

ብዙ ሰው ዶክትሬት ማለት ከሁሉ የረዘመ ትምህርት፤ የቀረውን መጽሐፍ ሁሉ አጥንቶ መጨረስ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። እስከዚያ ድረስ በአብዛኛው መምህሩ ይጠይቃል፤ ተማሪው ይመልሳል፤ መልሱም አስቀድሞ የታወቀ ነው። ለዶክትሬት የሚገባ ሰው ግን መልሱን መምህሩም የማያውቀውን ጥያቄ ይዞ መምጣት አለበት። ሁልጊዜ አንደኛ ይወጣ የነበረ ጎበዝ እዚህ ሲደርስ የሚደናገረው ስለዚህ ነው።

ምሳሌ ልስጣችሁ። በጣና ሐይቅ ከቀረሶና ከአምባዛ ሌላ ነጭ ዓሣ የሚባሉ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመ ጥናት መልካቸው ቢለያይም አብዛኞቹን በአንድ ዝርያ መድቧቸው ነበር። በኋላ አንድ ተመራማሪ «እውን አንድ ናቸውን?» ብሎ ተነሣ። ዓሦቹን እየለካ፤ የሚበሉትን እየመረመረ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1997 በሆላንድ አገር ለዋኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጽሑፉን አቀረበ። ዛሬ እነዚያ ዓሦች ወደ 15 የሚሆኑ ልዩ ልዩ ዝርያዎች መሆናቸው ታውቋል። ጥያቄዋ በግማሽ መስመር ትጻፋለች፤ መልሷ ግን መጽሐፍ ሆነ።

በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ብዙ የአገራችን የግብርና ምሁራን ስለ ተማሩበት አካሄዱን ልንገራችሁ። የማስተር ዲግሪ ያለው ያመለክታል፤ ዳሩ ግን ከማስረጃው ይልቅ የሚከብደው ሥራውን ሊመራ ፈቃደኛ የሆነ ፕሮፌሰር ማግኘት ነው። በእኔ አስተያየት ከትምህርት ቤቱ ስም ይልቅ የዚህን ሰው ጠባይ አጣርቶ መጠየቅ ይበልጣል፤ አራት ዓመት ያህል አብረው የሚከርሙት ከእርሱ ጋር ነውና። በመጀመሪያ የጥናት ዕቅድ ይጻፋል። ከዚያ ወዲያ መለካት፤ መሳሳት፤ እንደገና መለካት ነው። ወላጆች በየበዓሉ «መቼ ነው የምትጨርሰው?» ባይሉ ትልቅ ርዳታ ነው።

ጽሑፉ ሲያልቅ ፈታኞች አንብበው ካላጸደቁት ለአደባባይ አይቀርብም፤ እውነተኛው ፈተና ይኸው ነው። ከጽሑፉም ጋር አጫጭር የክርክር ነጥቦች ይያያዛሉ፤ አንዳንዶቹ ከጥናቱ ውጭ ናቸው፤ የሚያስቁም አይጠፉም። በዕለቱ ተማሪው እንደ ሙሽራ ሁለት ሚዜዎች አስከትሎ ይቆማል፤ ካባ የለበሱ ፕሮፌሰሮችም በሕዝብ ፊት ይጠይቁታል። የተወሰነው ጊዜ ሲሞላ በትር የያዘ ሹም ገብቶ በላቲን «ሆራ ኤስት» ይላል፤ ሰዓቱ ደረሰ ማለት ነው። ያን ጊዜ ተማሪው የጀመረውን ዓረፍተ ነገር ባይጨርስም ዝም ቢል አይወቀስም።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የዶክትሬት ትምህርት እ.ኤ.አ. በ1987 ስለ ተጀመረ፤ ለዚህ ሲባል ባሕር መሻገር የግድ አይደለም።

ከእናንተ መካከል በደብተሩ ጥግ ላይ መምህሩ ሊመልሱለት ያልቻሉትን ጥያቄ ጽፎ ያስቀመጠ ካለ፤ ከሻይ በኋላ መጥቶ ቢያሳየኝ ደስ ይለኛል።