መጽሐፉ ከድንኳኑ አጠገብ ይቀመጥልን
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የምናነሣው ነገር በሰው ፊት ሲወራ ያሳፍራል፤ እኛም በዚህ ሽበታችን ስንናገረው ያልበናል። ነገር ግን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላልና ይቅር በሉን። ጉዳዩ፣ ልጆቻችን ለአቅመ አዳምና ለአቅመ ሔዋን ሲደርሱ ማን ይንገራቸው? የሚል ነው።

እኛ ትምህርታችን ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ጡረታ እስክንወጣ በጽሕፈት ሥራ ኖርን፤ የዚህን ዕድር መዝገብም ለብዙ ዓመት ይዘናል። የኤችአይቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነፃ መሰጠት ከመጀመሩ በፊት፣ ጡሩምባው የማያርፍበት ጊዜ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ይዘናቸው የምንሄደው ወጣቶችን ነበር። እኛም መዝገቡ ላይ «በአጭር ሕመም» እያልን ጻፍን። ከነዚያ ልጆች ስንቱን ቁጭ አድርገን አንድ ቃል ነግረነው ነበር? አንዱንም። «ዝም አይነቅዝም» ይባላል፤ በዚህ ነገር ግን ዝምታችን ነቅዟል።

በገዛ ቤታችንም ያው ነው። በጉርምስናችን ሕልመ ሌሊት ሲያገኘን የታመምን መስሎን ለማንም ሳንናገር ጠበል ተመላለስን። በኋላ ወልደን ሳለ፣ ትልቋ ልጃችን አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥታ ተሸፋፍና ተኛች። «ሆዴን ነው» አለች፤ እናቷም ዳማከሴ ጨምቃ አጠጣቻት። ለካ ደም አይታ የምትሞት መስሏት ኖሯል! ይህን የነገረችን ካገባች በኋላ፣ እየሳቀች ነው። እኛ ግን አልሳቅንም።

አምና የዚችው ልጅ ልጅ ስለዚሁ ነገር የተጻፈ መጽሐፍ ጠረጴዛ ላይ ትታ ወጣች። ገለጥነው፤ ደንግጠን ዘጋነው። ደግሞ መነጽራችንን አድርገን እንደገና ገለጥነው። ማታ ስትመጣ «አባባ፣ አነበቡት እንዴ?» አለችን። «አነበብነው» አልናት። ከዚያ ወዲያ ወሬው ቀለለ፤ ለመናገር ያፈርነውን መጽሐፉ ተናግሮልን ነበርና።

ካነበብነው ጥቂቱን እንንገራችሁ። የሴት ልጅ ሰውነት አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 13፣ የወንድ ደግሞ ከ9 እስከ 14 ዓመት ባለው መለወጥ ይጀምራል። «ገና ሕፃን ናት» ስንል ጊዜው ያመልጠናል ማለት ነው። የወር አበባ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 7 ቀን ይቆያል፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቀኑን ጠብቆ ባይመጣ አያስደነግጥም። ሞዴስ በየ4 እስከ 6 ሰዓቱ ይቀየራል፤ ጨርቅ ከሆነም በሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣ እንጂ አልጋ ሥር አይደበቅም። የወንዱም ሕልመ ሌሊት በሽታ አይደለም። ለማርገዝም ሆነ ኤችአይቪ ለመያዝ አንድ ቀን ይበቃል።

«መጽሐፉ ልጆቹን ያባልጋል» የምትሉ አላችሁ፤ ሥጋታችሁን እናከብራለን። ነገር ግን ልጆቹ ከእኛ ካልሰሙ ከስልክ ያያሉ። ስልኩ የሚያሳያቸውን እኛ አልመረጥነውም። መጽሐፉን ግን አንብበን እንመርጣለን።

ስለዚህ ሐሳባችን ይህ ነው። ከሥራ ማስኬጃው ጥቂት ብር ይነሣና በአማርኛ የተጻፉ ሁለት ሦስት መጻሕፍት ይገዙ። አስቀድሞ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ትያቸው። በዕድሩ ቤት፣ ከድንኳኑና ከብረት ድስቱ አጠገብ አንድ መደርደሪያ ይሠራ፤ መጽሐፉም እንደ ወንበሩ ሁሉ በፊርማ ይውጣ፣ በፊርማ ይግባ። መዝገቡን እኛ በነፃ እንይዛለን። ወላጅ መጀመሪያ ራሱ ያንብብ፣ ከዚያ ለልጁ ይስጥ፤ ሰጥቶም አይሽሽ፣ በሦስተኛው ቀን «የት ደረስክ? ያልገባሽ አለ?» ብሎ ይጠይቅ።

ጉባኤው ተወያይቶ እንዲወስንልን በትሕትና እንጠይቃለን። ልጆቻችንን ያሳድግልን።