ከሚሴ የማን ገበያ ናት?

(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)



 ዕድሜዬ ሠላሳ ሳይሞላ በአባቶች ፊት ቆሜ እንድናገር ስለተፈቀደልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ከኮምቦልቻ ግብርና ኮሌጅ በዲፕሎማ ከተመረቅሁ ወዲህ የሠራሁት በደዋ ጨፋ ወረዳ ቀበሌዎች ነው። ስለ ማዳበሪያና ስለ ምርጥ ዘር እንድናገር የጠበቃችሁ ትኖራላችሁ። የዛሬው ርእሴ ግን ከተማችን ከሚሴና በዙሪያዋ ያለው ማሳችን ነው።

ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት። በ1987 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ነዋሪዋ ወደ 11 ሺህ የሚጠጋ ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከ19 ሺህ አልፏል። ከዚያ ወዲህ ምን ያህል እንደሰፋች ጠዋት ጠዋት የባጃጁን ሰልፍ ያየ ሁሉ ያውቃል።

ያሳደጋት አንደኛው ነገር መንገዱ ነው። ሁለተኛው አስተዳደሩ ነው። በ1994 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣው የአማራ ክልል ሕገ መንግሥት ለአዊ፣ ለዋግ ኽምራና ለኦሮሞ ሕዝብ የብሔረሰብ አስተዳደር ሲደነግግ፣ የእኛው ምክር ቤት መቀመጫ ከሚሴ ሆነች። አፋን ኦሮሞ የጽሕፈት ቤትና የትምህርት ቤት ቋንቋ ሆነ። ጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ አመጣ፤ ሠራተኛው የኪራይ ቤት ፈለገ፤ ምግብ ቤቱና ልብስ ሰፊው ተከተሉ። ደመወዝ በወጣ ሰሞን ሥጋ ቤቱ ይደምቃል፤ በወሩ መጨረሻ ደግሞ የዱቤ መዝገቡ ይወፍራል። እኔም ደመወዝተኛ ነኝና አላማርርም።

ነገር ግን ደመወዙ ከበጀት፣ መንገደኛውም ከሌላ ቦታ ነው የሚመጣው። በ2013 ዓ.ም. በዞናችንና በአጎራባቹ ሰሜን ሸዋ ግጭት ሲነሣ፣ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ጦርነቱ ከተማችን ድረስ ሲመጣ፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሲቆሙ አይተናል። በዚያን ሰሞን ሰውን ያቆየው በጉድጓድ የነበረው ማሽላና የላሟ ወተት ነበር። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የዞናችን ሕዝብ 457,278 ሲሆን፣ ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል የገጠር ነዋሪ ነው። ማሽላው፣ ጤፉ፣ ማሾው፣ በቦርከና ውኃ የሚለማው ሽንኩርት፣ የጨፋ ሜዳ ከብት የዚህ ሕዝብ ሀብት ነው።

ታዲያ ይህ ሕዝብ ከከተማው ጋር እንዴት ነው የሚገበያየው? በታኅሣሥና በጥር ዕዳ ስላለበትና ነቀዝ ስለሚፈራ እህሉን በርካሽ ይሸጣል፤ በሐምሌ እዚያው ገበያ ተመልሶ በውድ ይገዛል። ልዩነቱ መጋዘንና ጥሬ ገንዘብ ላለው ሰው ይቀራል። ነጋዴውን ለመውቀስ አይደለም፤ ገንዘቡን አስሮ የሚጠብቅ ሰው ትርፍ ይገባዋል። እኔን የሚከነክነኝ መጋዘኑ ለምን የእኛ እንዳልሆነ ነው።

ማሾን እንውሰድ። ዝናም ሲያጥርና ማሽላው ሲከዳን የምንዘራው፣ በሁለት ወር ተኩል እስከ ሦስት ወር የሚደርስ ሰብል ነው። እኛ እምብዛም አንበላውም፤ እስከ ህንድና ኢንዶኔዥያ ድረስ ይሄዳል። በ2006 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ከተቀበለው ወዲህ በደረጃ ይሸጣል። በመሬት ላይ የተወቃ ማሾ አፈርና ጠጠር ይዞ ስለሚመጣ ደረጃው ይወርዳል፤ በሸራ ላይ የተወቃ ግን አይወርድም። ነቀዙንም አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ይገታዋል፤ አፉ በደንብ ከታሰረ ነቀዙ ታፍኖ ይሞታል። እንግዲህ ሸራና ከረጢት ያለው ገበሬ ጥር ላይ ለመሸጥ አይገደድም ማለት ነው። ዕዳውስ? ለእርሱ ዩኒየኑ የእህሉን ዋጋ ከፊል አስቀድሞ ቢከፍል፣ ቀሪውን ሲሸጥ ቢያስረክብ ይበቃል።

የራሴን ጥፋት ሳልናገር አላልፍም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በቦርከና ዳር ያሉ አርሶ አደሮች ሽንኩርት በመስመር እንዲተክሉ አስተማርኩ። ምክሬን ሰምተው ሁሉም በአንድ ሰሞን ተከሉ። ምርቱ አማረ፤ እኔም ፎቶግራፍ አንሥቼ ከሪፖርቴ ጋር ላክሁ። ሁሉም በአንድ ሳምንት ሲደርስ የመጣው የጭነት መኪና አንድ ብቻ ነበር፤ ዋጋውን የቆረጠው ባለ መኪናው ነው። ግማሹ ሽንኩርት ማሳው ዳር በሰበሰ። አንድ አባት ጠርተውኝ፦ «ልጄ፣ ማብቀሉን ከአባቶቻችንም ተምረነው ነበር፤ አንተ የሸጠበትን ቀን ብትነግረን ይሻለን ነበር» አሉኝ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይቀለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ተከላውን በአሥራ አምስት አሥራ አምስት ቀን እናፈራርቃለን፤ ችግኝ ከመፍላቱ በፊትም ገዢ እንጠይቃለን።

ሌላው የሚዛኑ ነገር ነው። ምክር ቤታችን በቋንቋችን ይወያያል፤ ልጆቻችን በቋንቋቸው ይማራሉ። አባሎቻችን እህል ሲያስረክቡ የሚሰጣቸው ደረሰኝ ግን በአማርኛ ብቻ ነው፤ ብዙዎቹ እናቶች የተጻፈውን ሳያውቁ አጣጥፈው በመቀነታቸው ይቋጥሩታል። (ይህን ንግግር እኔም በአማርኛ ጻፍሁት፤ ለቀበሌዬ ሰዎች ግን በአፋን ኦሮሞ ነው የምነግራቸው።) የክብደቱና የተቀነሰው ሒሳብ በሁለቱም ቋንቋ ቢታተም ወጪው የቀለም ብቻ ነው።

የዞን ድንበር የገበያ ድንበር ነው እንዳንልም እሰጋለሁ። ከከሚሴ ባቲ ለመሄድ የምናልፈው በኮምቦልቻ ነው፤ ሰንበቴ ለመሄድ በአጣዬ። የባቲ ሰኞ ገበያ ስሙ የወጣው ደገኛው፣ ኦሮሞውና አፋሩ ስለተገናኙበት ነው። ዩኒየናችንም ሸራና መጋዘን ሲኖረው የአጎራባቹን ወሎና ሸዋ ማሾ ሊገዛ ይችላል፤ ከማኅበሮቻቸው ጋር መነጋገር ደግሞ ከአሁኑ ነው።

ስለዚህ ለመጪው ጠቅላላ ጉባኤ የማቀርበው ሦስት ጥያቄ ነው፦ ከዘንድሮው ትርፍ ላይ ለማሾ ሸራና ከረጢት መግዣ እንዲመደብ፣ ደረሰኙ በሁለት ቋንቋ እንዲሆን፣ የሽንኩርት ተከላ ቀን በየቀበሌው ተከፋፍሎ ከመስከረም በፊት እንዲለጠፍ። ሦስተኛውን እኔ ራሴ ሠርቼ አመጣለሁ፤ ሁለቱን ለእናንተ ትቻለሁ።