ተራ ጠብቆ መሻገር፦ የወንጪ ሐይቅ ጀልባና የደሴት ዕረፍት





የደሴት ዕረፍት ሲባል የብዙዎቻችን አሳብ የሚሄደው ወደ ሩቅ አገር፣ ወደ ሞቃት ባሕርና ወደ ትልቅ መርከብ ነው። አገራችን የባሕር በር ባይኖራትም ደሴት ግን አልተነፈጋትም። በጣና ላይ ብቻ 37 ያህል ደሴቶች ይቆጠራሉ። ከዚህ ከአምቦ በወሊሶ መንገድ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ብንጓዝ ደግሞ ወንጪን እናገኛለን። ወረዳው በአስተዳደር የደቡብ ምዕራብ ሸዋ ቢሆንም፣ በገበያም በመንገድም ከአምቦ ጋር የተሳሰረ ነው። በዛሬው ንግግሬ የማነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ወደ ደሴቱ የሚያሻግረው ጀልባ የማን ነው?

አስቀድመን ቦታውን እናስታውስ። ወንጪ በጥንታዊ እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው። የተራራው ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,300 ሜትር ያልፋል። ከጫፉ ወደ ታች ስንወርድ አስታ፣ ኮሶና ጽድ፣ ዝቅ ሲልም የእንሰትና የገብስ ማሳ ይቀበለናል። ጎረቤቱ ደንዲም እንዲሁ የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ነው። የሚደንቀው ግን የውኃቸው መንገድ መለያየቱ ነው፤ የደንዲ ውኃ በሁሉቃ አድርጎ ወደ ጉደርና ወደ ዓባይ ሲወርድ፣ የወንጪ ውኃ በዋልጋ በኩል ወደ ኦሞ ይሄዳል። በወንጪ ደሴት ላይ የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ጥር 15 ቀን ዓመታዊው በዓል ሲከበር ጀልባው የሚያሻግረው ምእመናንን ነው።

እንግዲህ ይህ ጀልባ፣ በኦሮምኛ ቢዲሩ የሚባለው፣ ሁለት ሥራ እንዳለው ልብ እንበል። ለእኛ ለጎብኚዎች መዝናኛ ነው፤ ለደሴቱ ሰው ግን መንገድ ነው። የታመመ የሚወጣበት፣ እህል የሚገባበት፣ ለቅሶ የሚደረስበት ሌላ መንገድ የለም። በጣናም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ከባሕር ዳር ተነሥቶ በዘጌና በደቅ አድርጎ ወደ ጎርጎራ ይሄድ የነበረው የሕዝብ ጀልባ ለረጅም ዘመን ያገለገለው በዋነኛነት ገበያተኛውንና ጭነቱን ነበር፤ ጎብኚው የሚሳፈረው በነዋሪው ጀልባ ላይ ነበር።

በወንጪ የአካባቢው ነዋሪዎች በማኅበር ተደራጅተው ፈረስ፣ ጀልባና አስጎብኚ በተራ ሲያቀርቡ ቆይተዋል። የተራ ሥርዓት ለኢኮኖሚ ተማሪ ብዙ ያስተምራል። ጎብኚው በደላላ አይጎተትም፤ ቀዛፊዎች ዋጋ እየሰበሩ እርስ በርስ አይጎዳዱም፤ ገቢው ለብዙ ቤት ይዳረሳል። ጉድለትም አለው። ጀልባውን በሚገባ የጠገነውና ያልጠገነው እኩል ተራ ካገኙ፣ ለጥገናና ለተንሳፋፊ ጃኬት ገንዘብ የሚያወጣ ይጠፋል። ስለዚህ መድኃኒቱ ተራውን ማፍረስ አይደለም፤ ከገቢው ጥቂቱን ለጋራ ጥገናና ለደኅንነት መመደብ ነው።

ይህን የምናገረው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም፤ የራሴንም ጥፋት ልናዘዝ። ከዓመታት በፊት ተማሪዎች ይዤ ወደ ሐይቁ ወርጄ ነበር። በዳርቻው አንዲት እናት ከወፍጮ የተመለሰ ዱቄት አጠገባቸው አስቀምጠው ጀልባ ይጠብቃሉ። እኛ ብዙ ነበርንና በአንድ ጊዜ ሞልተን ተሳፈርን። ደስ ብሎን፣ ፎቶ እያነሣን ተሻገርን። ስንመለስ እናታችን እዚያው ናቸው፤ ፀሐዩ ዘቅዝቋል። ይቅርታ ስንጠይቃቸው በኦሮምኛ እንዲህ አሉን፦ «ልጆቼ፣ እናንተ ለማየት መጣችሁ፤ እኔ ወደ ቤቴ ነው የምሄደው።» ቁጣ አልነበረበትም። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ቱሪዝም ባስተማርሁ ቁጥር የሚመጣብኝ ይህ ቃል ነው።

ነገሩ ዛሬ ይበልጥ የሚያሳስበው ወንጪ ስለተለወጠ ነው። በ2012 ዓ.ም. በተጀመረው የገበታ ለሀገር መርሐ ግብር ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር ተመረጠ። በ2014 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ለመጀመሪያ ጊዜ ከ32 አገሮች ከመረጣቸው 44 ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ሆነ። በ2016 ዓ.ም. አዲሱ ማረፊያ ተመረቀ። መንገዱ ሲቃና ጎብኚው ይበዛል፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ጎብኚው ሲበዛ የጀልባው ወንበር ይጠባል። ወንበሩ ሲጠብ የሚቀረው ከፍሎ መቅደም የማይችለው ነው።

ስለዚህ ለተመራማሪዎቻችን ሦስት የጥናት ጥያቄዎችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ከአንድ ጎብኚ ኪስ ከሚወጣው ገንዘብ በመንደሩ ውስጥ የሚቀረው ስንት እጅ ነው? ሁለተኛ፣ የተራው መዝገብ በማን እጅ ነው፣ ሴቶችና መሬት የሌላቸው ወጣቶችስ ተመዝግበውበታል? ሦስተኛ፣ የደሴቱ ነዋሪ በበዓልና በእሑድ ቀን ስንት ሰዓት ይጠብቃል? የመጨረሻው ቀላል ይመስላል፤ ሰዓትና ደብተር ይዞ ዳርቻው ላይ መቀመጥ ብቻ ይበቃዋል። እስከማውቀው ግን ከሁሉ የበለጠ የሚናገረው እርሱ ነው። የጎብኚ ቁጥር ሲጨምር የነዋሪው ጥበቃ ካልረዘመ ልማቱ ልማት ነው። ከረዘመ ግን፣ የገቢው አኃዝ ምንም ያህል ቢያምር፣ ከነዋሪው የተወሰደ ነገር አለ።

ተማሪዎች ሆይ፣ ወደ ወንጪ ሂዱ፤ ተደሰቱም። ከመሳፈራችሁ በፊት ግን ዳርቻውን ተመልከቱ። ዱቄት ይዛ የምትጠብቅ እናት ካለች፣ ከእናንተ አንዱ ይውረድና እርሷ ትቀመጥ።