የዜማ ደራሲ በገበያ ፊት
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



የራሱን ዜማ ደርሶ ለሽያጭ የሚያቀርብ ባለሙያ ዘወትር ከሚሰማቸው ምክሮች አንዱ «ታገሥ» የሚለው ነው። ምክሩን የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ የሙዚቃ ቤቱ ባለቤት ሲሆን፣ ትርጓሜውም «ዛሬ አልገዛህም» ከማለት የራቀ አይደለም። ከዚህም የተነሣ ትዕግሥት የሚለው ቃል በሙያው ውስጥ ጥቂት የምሬት ጣዕም አለው። ይሁን እንጂ መቆየት አንድ ነገር ነው፤ ሥራን ማቆየት ደግሞ ሌላ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ከአንድ ታዋቂ ባለሙያ ታሪክ ይልቅ የሚያስረዳ አይገኝም። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አቶ ኃይሉ መርጊያ በ1946 በሸዋ ተወልደው፣ ገና በልጅነታቸው ወደ አዲስ አበባ የመጡ የአኮርዲዮንና የኦርጋን ተጫዋች ናቸው። ከዋልያስ ባንድ ጋር በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ለዓመታት ሲጫወቱ፣ የሰዓት እላፊ ከታወጀ በኋላ እንግዳው ሌሊቱን እዚያው ሲያድር ባንዱም እስከ ንጋት ድረስ መድረኩን አይለቅም ነበር። በ1977 ዋልያስ «ቼ በለው» የተሰኘውን ሸክላ አወጣ፤ ሙላቱ አስታጥቄም በሥራው ተካፋይ ነበሩ። ሸክላው ዘፋኝ የሌለበት፣ በመሣሪያ ብቻ የተሠራ ነበር። ይህ ምን ያህል ድፍረት እንደነበር ለማወቅ የአገራችንን አድማጭ ማሰብ ይበቃል። አድማጩ ገንዘቡን የሚያወጣው በመጀመሪያ ለግጥሙ፣ ቀጥሎ ለድምፁ ነው፤ አጃቢውን የሚያስታውሰው ከስንት አንዱ ነው። ቃል የሌለውን ዜማ ለዚህ አድማጭ መሸጥ፣ ሰምና ወርቅ ለለመደ ሰው ባዶ ብራና እንደ ማቅረብ ይቆጠር ነበር።

በ1981 ባንዱ ከማሕሙድ አሕመድ ጋር ወደ አሜሪካ ተጓዘ። ወደ ትርኢቱ የመጡት በአብዛኛው ስደተኞች ኢትዮጵያውያን ስለነበሩ፣ የተጠበቀው የውጭ ገበያ አልተከፈተም። ከባንዱ አባላት ከፊሎቹ ሲመለሱ፣ አቶ ኃይሉ በዋሽንግተን ቀሩ። በ1985 ወደ አንዲት አነስተኛ ስቱዲዮ ገብተው፣ የልጅነት መሣሪያቸውን አኮርዲዮንን ከኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ከሲንተሳይዘርና ከከበሮ ማሽን ጋር አዋሕደው፣ ሁሉንም ብቻቸውን ተጫውተው ቀረጹ። ሥራው በካሴት ታትሞ በኢትዮጵያ ተሸጠ፤ ከዚያም የካሴቶች ሁሉ ዕጣ ደረሰውና ከመደርደሪያው ላይ በሌላ ተተካ።

ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ አቶ ኃይሉ መድረክ ላይ መውጣት አቆሙ፤ በኋላም በዋሽንግተን አካባቢ በሚገኘው የዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ የታክሲ አሽከርካሪ ሆኑ። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ የብዙዎች ታሪክ በሆነ ነበር። የተለየው አንድ ነገር ነው። በታክሲው የዕቃ መጫኛ ውስጥ አንድ ኪቦርድ ይይዙ ነበር፤ ተራቸው እስኪደርስ በሰልፉ ላይ ሲጠብቁ አውጥተው ይለማመዳሉ፣ ሐሳብ ይሞክራሉ። ገዢም ሆነ አሳታሚ፣ ቀጠሮም ሆነ ውል አልነበረም። ነገር ግን እጁ አልዛገም።

በ2013 ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ፣ የአፍሪካን ካሴቶች እየሰበሰበ የሚያሳትም አሜሪካዊ፣ ያን የ1985 ካሴት ባሕር ዳር ውስጥ ከአንድ የካሴት መሸጫ አገኘ። ስሙን ተከትሎ አፈላለገ፤ ስልክም ደወለ። የመለሰለት ራሱ ደራሲው ነበር። ሥራው በዚያው ዓመት እንደገና ታተመ። «ቼ በለው» በ2014፣ ከዳህላክ ባንድ ጋር የተሠራው «ወደ ሐረር ጉዞ» በ2016 ተከተሉ። አቶ ኃይሉም በአውሮፓና በአሜሪካ መድረኮች ላይ ወጡ።

ከ1985 እስከ 2013 ድረስ 28 ዓመት ነው። ለማንም ሰው 28 ዓመት ጠብቅ ብሎ መምከር ግፍ ይሆናል፤ በዚህ ነገር ውስጥ የአጋጣሚም ድርሻ ከፍተኛ እንደነበር መካድ አይቻልም። ሺምኮቪትዝ ወደ ሌላ ሱቅ ቢገባ ኖሮ ምናልባት ዛሬ ስለዚህ ነገር የሚነገር አይኖርም። ቢሆንም ስልኩ በተደወለ ጊዜ የተገኘው ነገር አጋጣሚ አልነበረም። ካሴቱ ላይ የደራሲው ስም በጉልህ ሰፍሯል፤ ፈቃድ የሚጠየቀውም ሰው ሥራው የራሱ የሆነ ደራሲ ነው። ከሁሉም በላይ፣ የ67 ዓመቱ ሰው ሲጠሩ ሊጫወቱ የሚችሉ ሙዚቀኛ ነበሩ። እጃቸው ቢፈታ ኖሮ እንደገና የታተመው ካሴት መታሰቢያ ብቻ ሆኖ በቀረ። ብዙ ሸክላዎችና ካሴቶች የዘፋኙን ፎቶግራፍ ይዘው፣ የተጫዋቾቹን ስም ግን ሳይጽፉ ወጥተዋል፤ እነዚያን ዛሬ የሚያደንቅ የውጭ ሰው ቢመጣ ወደ ማን ይደውላል?

ጽናት ሲባልም አንዱን በር በየቀኑ ማንኳኳት ብቻ የሚመስላቸው አሉ። አቶ አምኃ እሸቴ የሚታወሱት ግን አዲስ በር በመክፈታቸው ነው። በ1948 በወጣ ትእዛዝ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። አቶ አምኃ ገና ወጣት የሙዚቃ ቤት ባለቤት ሳሉ፣ በ1969 ይህን ትእዛዝ ደፍረው የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን በማስቀረጽ ሸክላውን በሕንድ አገር አሳተሙ። የተፈራው ቅጣት ሳይመጣ ቀረ፤ ሌሎች አሳታሚዎችም ተከተሏቸው። እስከ 1975 ድረስ ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎችንና ወደ 12 የሚጠጉ ረጃጅም ሸክላዎችን አወጡ። ከዚያ በኋላ ወደ አሜሪካ ተሰደዱ፤ ነገሩም የተረሳ መሰለ። ነገር ግን ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ1990ዎቹ መጨረሻ «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ ኅትመት ሲጀምር፣ ከዋነኞቹ ምንጮቹ አንዱ ይኸው የአምኃ ሬከርድስ ሥራ ነበር። ፋልሴቶ ራሱም ቢሆን የማሕሙድን «እሬ መላ መላ» በ1986 በአውሮፓ ካሳተመበት ጊዜ ጀምሮ ወደዚያ ለመድረስ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቶበታል።

አሁን ወደ ሙዚቃ ቤቱ ባንኮኒ መመለስ ይገባል፤ የትዕግሥት እጦት ብዙ ዋጋ የሚያስከፍለው እዚያ ነውና። ዜማውን ይዞ ከሦስት ቤት የተመለሰ ደራሲ፣ አራተኛው ቤት የሚያቀርብለትን የመጀመሪያ ዋጋ ተቀብሎ ይፈርማል። የኪራይ ቀን ደርሶበት ይሆናልና ሊወቀስ አይገባም። የሚያሳዝነው ግን ምን እንደሸጠ አለማወቁ ነው። የአንድ ጊዜ ኅትመት ይሁን፣ ወይስ ለዘለዓለም? በ2004 የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቅለታል። ይህን ያህል ዘመን የሚቆይ ንብረት በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ ግማሽ ገጽ በማትሞላ ወረቀት፣ አንዳንዴም ያለ ወረቀት ይተላለፋል። ገዢው የሚጠይቀው ለስንት ዓመት፣ ለየትኛው አገር፣ በምን ዓይነት ኅትመት እንደሆነ ማስጻፍ የአንድ ሳምንት ክርክር ሊያስነሣ ይችላል። ያን ሳምንት መታገሥ ከ28 ዓመቱ ይልቅ በእጅ ያለ ነገር ነው። ፊርማውን ለማዘግየት ድፍረት ያጣ ደራሲ ካለም፣ ማኅበሩ ከጎኑ የሚቆምበት ሰዓት ይኸው ነው፤ ሥራው ታዋቂ ከሆነ በኋላ የሚቀርብ አቤቱታ ብዙውን ጊዜ ዘግይቷል።

ከውሉ በተጨማሪ የመጀመሪያው ቅጂ ጉዳይ አለ። የካሴት ክር በሙቀትና በርጥበት ይጎዳል፤ በሣጥን ውስጥ ተቀምጦ የሚታገሥ ክር የለም። በየቤቱ ያሉት ቅጂዎች ሳይበላሹ ወደ ዲጂታል ቢገለበጡና የዜማው፣ የግጥሙና የቅንብሩ ባለቤቶች፣ የተጫዋቾቹም ስም ከነዓመቱ ቢጻፍባቸው፣ ወጪው የአንድ ሠርግ ሥራ ክፍያ እንኳ አይደርስም።

አቶ ኃይሉ በ2018 «ላላ በሉ»ን፣ በ2020 ደግሞ «የኔ ምርጫ»ን አወጡ። «ላላ በሉ» በወጣ ጊዜ ዕድሜያቸው ከ70 ዓመት በላይ ነበር። በዓለም መድረኮች ላይ ተጫውተው ወደ ቤታቸው ሲመለሱም፣ በዚያ ዓመት ገና ታክሲያቸውን ይነዱ ነበር።