ልክን ስለ ማወቅ፤ የግሪክ ጠቢባን ትምህርትና የባሕር ማዶ መንገድ



በዚህ በመቶኛው ዓመት በዓል የግሪክን ፈላስፎች ነገር ማንሣቴን የሚደነቅበት ሰው ሊኖር ይችላል። ነገር ግን የሶቅራጥስ፥ የአፍላጦንና የአርስጣጣሊስ ስም ለገዳሞቻችን እንግዳ አይደለም። «መጽሐፈ ፈላስፋ ጠቢባን» የተባለውን አባ ሚካኤል በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ መልሰውታል። ምንጩም በ9ኛው መቶ ዓመት በባግዳድ የነበረው ክርስቲያን ሐኪም ሑነይን ኢብን ኢስሐቅ የሰበሰበው የጠቢባን ቃል ነው። እንግዲህ የአቴና ትምህርት ከገዳማችን የደረሰው በመካና በጅዳ በሚነገረው ቋንቋ በኩል ነው።

አርስጣጣሊስ በ10 ክፍል በጻፈው የሥነ ምግባር መጽሐፍ፥ እውነተኛ ደስታ ነፍስ በምግባር ስትሠራ የምትኖረው ኑሮ ነው ይላል፤ ሀብትንም ለሌላ ነገር መሣሪያ ያደርገዋል። ምግባርም በመብዛትና በማነስ መካከል ይገኛል፤ ጀግንነት በፍርሃትና ያለ ዐቅም በመድፈር መካከል፥ ቸርነትም በንፍገትና በብክነት መካከል። ሆኖም መካከል ሲል በገመድ የተለካ እኩሌታ ማለቱ አይደለም። ለታጋዩ ለሚሎን የሚበቃው ምግብ ትግል ለሚጀምረው ልጅ ይበዛል። (ይህን በጾም ነገር ከአበምኔት ይልቅ የሚያውቅ ማን አለ? ለሽማግሌው መነኩሴና ለአዲሱ ረድእ የሚሰጠው ሥርዓት አንድ አይደለም።) ደግሞም መካከል የሌላቸው ሥራዎች አሉ፤ ስርቆትና ነፍስ መግደል በልክ ቢደረጉም በጎ አይሆኑም።

ለዚህ ከራሳችን ታሪክ ምስክር አለን። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ615 ዓ.ም. ገደማ በመካ የተሰደዱት የመጀመሪያዎቹ የእስልምና ተከታዮች ባሕሩን ተሻግረው ወደ አክሱም ንጉሥ ተጠጉ። ጅዳ በዚያን ጊዜ ገና የመካ ወደብ አልነበረችም፤ ወደብ የሆነችው በ647 ገደማ በኸሊፋ ዑስማን ዘመን ነው። የእስላም ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፥ የቁረይሽ መልእክተኞች የቆዳ ሥራ እጅ መንሻ ይዘው መጡና ስደተኞቹን ስጡን አሉ። እጅ መንሻ የተቀበሉት መኳንንትም ይሰጡ ብለው መከሩ። ንጉሡ ግን ሳይሰማ ሊፈርድ አልወደደም፤ ስደተኞቹን አስጠራ፤ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብም ስለ ሁሉም ተናገረ። ከዚህ በኋላ ንጉሡ አንድም ሰው አልሰጠም፤ እጅ መንሻውንም መለሰ። እኩሌቶቹን ሰጥቶ እኩሌቶቹን ቢያስቀር ኖሮ ለብልጥ መካሪ ሚዛን ይመስለው ነበር፤ በእውነቱ ግን ግፍ በሆነ ነበር።

ዛሬ መንገዱ ተገልብጧል። ልጆቻችን እኩሌቶቹ በአውሮፕላን፥ እኩሌቶቹም በየመን በኩል በጀልባ ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ይሻገራሉ። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በነበሩት ጥቂት ወራት ከ160 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ከዚያ አገር ተመልሰዋል፤ ጉዞው ግን በዚህ አልቆመም። በዚያ አገር ቤተ ክርስቲያን የለም፤ ወደ መካም ክርስቲያን አይገባም። በጅዳ በሰው ቤት የምታገለግል ልጅ ጾሟን በጓዳ ትጾማለች፤ በዓሉንም በልቧ ታስባለች።

እኛ በስብከታችን ዘወትር የምንወቅሰው የሄደችውን ነው፤ ገንዘብ ወዳ ነው እንላለን። እኔ ግን ይህ ፍርድ የቸኮለ ይመስለኛል፤ አንዱን ወገን ብቻ የሰማ ነውና። አርስጣጣሊስ ስለ ቸር ሰው ሲጽፍ እንዴት እንደሚሰጥ ብቻ አይናገርም፤ ከማይገባ ቦታ እንደማይቀበልም ይናገራል። ጣራው በቆርቆሮ ከተከደነ፥ የወንድም ሠርግም ከተደገሰ በኋላ «ሁለት ዓመት ብቻ ጨምሪ» ብሎ የሚልክባት ማን ነው? የርሷን ልክ የሚያበዛባት የኛ ልክ ማጣት ነው።

ለዚህም በዓል መጋረጃና ጥላ በስእለት ካመጡት እናቶች አንዳንዶቹ፥ ገንዘቡ ከጅዳ እንደ ተላከ ነግረውኛል። አባቶቼ ሆይ፥ ስእለቱን ከመቀበላችን በፊት ልጅቱ መቼ እንደምትመለስ ብንጠይቃቸው ምን ይመስላችኋል?